የሽንት ቤት በር ያሉት

በእኛ አገር የፕላስቲክ በር ያለው ሽንት ቤት ብቻ ነው። እሱም ከተማ ውስጥ፣ የመምህራኑ መኖሪያና ጤና ጣቢያው ጋ። የመኖሪያ ቤት በር እንጨት ነው፤ አቅም ያለው ላሜራ ያደርጋል። የእኔ ቤት የፊት በር ግን ፕላስቲክ ነው። ነጭ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ሆኖ ይታያል። ስለ እሱ ብዙ ተብሏል። የተባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ። አሁን የእኔን ልናገር።

ቤታችን ከቀየት ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ አፋፉ ላይ ነው። ግድግዳው ድንጋይ ነው። ባሌ ከአባቱ ወርሶት ነው፤ ሳሩን አንስተን ቆርቆሮ ያለበስነው እኛ ነን። በሩ ግን የድሮው እንደሆነ ቀርቶ ነበር። የጥድ ሳንቃ ነው፤ ውፍረቱ አራት ጣት። ማጠፊያ የለውም። ከራሱ እንጨት የወጣ ጉጥ ከላይም ከታችም ጉድጓድ ውስጥ ተተክሎ ይዞራል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። ያን ጊዜ በሁለት እጅ ይዞ፣ ወደ ላይ አንስቶ፣ ወደ ኋላ መጎተት ነው። እኔ ሁለት እጅ አለኝ። ልጄም ሁለት እጅ አላት፤ ግን ሁለቱም ክራንች ይዘዋል።

ሦስት ዓመት ሳይሞላት ታመመች። ትኩሳቱ ሲለቃት የእግሮቿን ጉልበት ይዞ ሄደ። እግዚአብሔር ነፍሷን ተወልኝ፤ ተመስገን። ዛሬ ሃያ ዓመት አልፏታል። አባቷ በበቅሎ እያመላለሰ ስምንተኛ ክፍል አደረሳት። ሹራብ ትሠራለች፤ የበግ ፀጉሩ ለእጇ ይታዘዛል። አፏ ስለታም ነው፤ ከማን እንደወረሰችው አላውቅም።

እኔና አባቷ ወደ እርሻ ወይ ወደ ገበያ ስንሄድ በሩን ክፍት ትተን መሄድ አንችልም ነበር። ነፋስ አለ። ውርጭ አለ። ውሻውም ዶሮውም ይገባል። ስለዚህ ዘግተን እንሄዳለን። «ዘጋንላት» ነበር የምንለው። «ዘጋንባት» የሚለው ወደ አፋችን አልመጣም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ዝናቡ አላስኬድ ብሎኝ ሰው ቤት ተጠለልኩ። አባቷ ሩቅ ለቅሶ ሄዶ ነበር። ቤት ደርሼ በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ስገባ ልጄ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ክራንቾቿ ወዲያና ወዲህ ወድቀዋል። ጣቶቿ በሳንቃው ተላልጠዋል። ልብሷ እርጥብ ነበር። ሽንት ቤታችን ከቤቱ ጀርባ ነው፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

«በሩ እምቢ አለኝ፣ እማዬ» አለችኝ።

ውሃ አሞቅኩላት። አጠብኳት። «ለአባዬ እንዳትነግሪው» አለችኝ፤ አልነገርኩትም። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ይህንንም የጻፍኩት እሷ ፈቅዳልኝ ነው፤ «እዚያ ላይ አቁሚ» ብላኛለች።

በማግስቱ ለባሌ «በሩ ይቀየራል» አልኩት።

«ታቹ እንደበሰበሰ አይቻለሁ» አለ። ምክንያቱ የታቹ መበስበስ መሰለው። ተውኩት።

አናጢ ጠራ። አናጢው የአጎቱ ልጅ ነው። እጁ ጥሩ ነው፤ ምላሱም ከእጁ አያንስም። አሮጌውን በር ዙሪያውን አንኳኳ፣ ታቹን በሚስማር ወጋ ወጋ አደረገና ቀና አለ።

«ዋንዛ ነው የሚያስፈልግሽ። በመርሐቤቴ በኩል አስመጣልሻለሁ፤ ዓለም ከተማ ሳንቃ የሚሰነጥቅልኝ ሰው አለ። የልጅ ልጅሽ ይወርሰዋል።»

«ስንት ኪሎ ይሆናል?»

ሳቀ። «በር በኪሎ ሲገዛ ዛሬ ሰማሁ! ሥጋ መሰለሽ እንዴ?»

«ልጄ በክርኗ ገፍታ ትከፍተዋለች ወይ ነው የምልህ።»

«በክርን የሚከፈት በር ለሌባም ይከፈታል።»

«ለሌባው ውሻ አለኝ።»

ቀለል ያለ ባሕር ዛፍ ልሥራልሽ አለኝ። ባሕር ዛፍን አውቀዋለሁ። በጋ ይጣመማል፣ ክረምት ያብጣል፤ የጎረቤታችን በር በሁለተኛ ዓመቱ ጎብጦ ድመት ያሾልካል። ላሜራም አነሳ። የላሜራ በር ኅዳር ጠዋት ሲነኩት እጅ ያጣብቃል፤ ክብደቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ትዝ አለኝ። ልጄን ለምርመራ ወስጃት ሳለ ሽንት ቤት እሄዳለሁ ብላ ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን ተመልሳ መጥታ ነበር። ማንንም አልጠራችም። ያኔ ልብ አላልኩትም። በሩ ፕላስቲክ ነበር።

«ፕላስቲክስ?» አልኩት አናጢውን።

ሜትሩን አጠፈው። «የምን ፕላስቲክ?»

«በር ነዋ።»

ወደ ባሌ ዞረ። «ሰማሃት? ሚስትህ እልፍኝ ውስጥ ልታሸናህ ነው!»

ባሌ ፈገግ አለ። ልጄ ከውስጥ ሆና ሰምታለች። የሹራቧ መርፌ ድምፅ ቆመ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀጠለ። እኔ ያን ሰዓት ቆረጥኩ።

መስከረም ሲጠባና መንገዱ ሲደርቅ ሁለት በግ ሸጥን። የበሩን ቦታ ልክ ቁመቱንም ወርዱንም በገመድ ወሰድኩ፤ ጫፍ ጫፉን ቋጠርኩት። ልጄን ይዤ ደብረ ብርሃን ወረድኩ። ባሌ «እሷን ምን አንገላታት፣ አንቺ ሄደሽ ግዢ» ብሎኝ ነበር። «በሩን የምትከፍተው እሷ ናት» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ በሮቹ ተደርድረው ቆመዋል። ሻጩ ወጣት ነው፤ ትሑት።

«ለሽንት ቤት ነው፣ እማማ?»

«ለቤት ነው።»

«ለውስጥ በር?»

«ለውጭ በር።»

«ለውጭ እንኳ ሰው እንጨት ነው የሚወስደው።»

«እኔም ሰው ነኝ» አልኩት።

አፈረ መሰለኝ። ያሉትን ሁሉ አሳየኝ። መጀመሪያ የፋብሪካ እንጨት የሚሉትን አየሁ፤ ያምራል፣ ያብለጨልጫል። ውሃ ሲነካውስ አልኩት። «እንደ ዳቦ ያብጣል» አለኝ፤ አልደበቀኝም። እግዚአብሔር ይስጠው። ቀጥሎ ስስ ፕላስቲክ ነበር። በአውራ ጣቴ ስጫነው ሰመጠ፤ ሆዱ ባዶ ነው። ይኼ እውነትም ለሽንት ቤት ነው። በመጨረሻ ወፈር ያለውን አወጣ፤ ማዕዘኑ ውስጥ ብረት አለው፣ ሲያንኳኩት ድምፁ ደፈን ያለ ነው።

«ፀሐይ?» አልኩት።

«ቀለሙን ያደበዝዘዋል።»

«ዝናብ?»

«አይጠጣም። አያብጥም።»

«ውርጭ?»

«ይችለዋል። እሳት ግን አያስጠጉበት።»

«ሌባስ?»

«ቁልፉ ጥሩ ነው። ሌባው መጥረቢያ ይዞ ከመጣ ግን፣ እማማ፣ ዋንዛውም አይመልሰው።»

ለማሳያ አንዱ በር ከነመቃኑ በሱቁ መሐል ቆሞ ነበር። ወዲህም ወዲያም ምንም የለውም፤ በር ብቻ። ልጄ ወደ እሱ ሄደች። ክራንቿን ሳትለቅ ክርኗን እጀታው ላይ አሳረፈች። እጀታው ወረደ። በትከሻዋ ነካ አደረገችው፤ ተከፈተ። ወደ ወዲያኛው አለፈችና መልሳ ዘጋችው። አላየናትም። ሻጩም እኔም በሩን እያየን ቆምን። ከዚያ ከፍታ መጣች። ደግማ ሄደች። ስትሄድ ስትመጣ፣ ስትሄድ ስትመጣ፣ ሰባተኛው ላይ ሻጩ «እህቴ፣ ይሠራል እኮ» አላት።

«አውቃለሁ» አለችው። ስምንተኛም ሄደች።

ገመዴን ሰጠሁት። በልኩ ቆረጡት።

ስንመለስ በሩ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታሰረ። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «እናት፣ በሩን ይዘው መጡ፤ ቤቱን የት ጣሉት?» አለኝ። ሰው ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ሽንት ቤቱን ከነበሩ ነው እንዴ የጫናችሁት?» አለ።

ልጄ ዞራ አየችው። «አዎ፣ ወንድሜ። ሲያጣድፍህ ንገረን።»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ልቆጣት ይገባኝ ነበር። አልተቆጣኋትም።

አናጢው መጀመሪያ አልሰቅልም አለ። «እጄ ይኼን አይነካም። የባልሽ አባት ቤት ነው፣ አያቴ ያደሩበት ቤት ነው።»

«እንግዲያ እኔው እሰቅለዋለሁ» አልኩት። «ሲጣመም ግን አንተ ሠራኸው ብዬ ነው የምናገረው።»

ሰቀለው። ሳይጣመም ሰቀለው፤ እጁ ጥሩ ነው ብያለሁ። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ አዲሱን መቃን ወደ ውስጥ ገባ አድርጎ ተከለው። ክራንቹን እንዳያደናቅፍ ደፉንም ከመሬት እኩል አስደረግሁት። በማግስቱ ጠዋት ልጄ ከፍታ ወጣች፤ ደጅ ፀሐዩ ላይ ቆመች። ሌላ ምንም አላደረገችም። ቆመች ብቻ። እኔ ማድጋውን ይዤ ውሃ መቅዳቱን ረስቼ አየኋት። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ወሬው ተነሳ። ለቅሶ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። ሴቶቹ በፊቴ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሉኛል፤ ዞር ስል ይስቃሉ። ለእኔ ቀላል ነበር። የከበደው ለባሌ ነው። ወንዶቹ «ቤትህ ውስጥ እንግዲህ ሽንት ቤቱ የትኛው ነው፣ ሳሎኑ የትኛው ነው?» ይሉታል። እሱ መልስ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ይዞት ቤት ይገባል።

«ምን አሉህ?» እለዋለሁ።

«ምንም» ይለኛል።

ኅዳር ደረሰ። የእመቤታችን ማኅበር አለን፤ በየወሩ በሃያ አንድ ዝክሩ በተራ ይዞራል። የኅዳር ጽዮን ተራው የእኔ ነበር። ያን ሰሞን ከማኅበርተኞቹ የሁሉ ታላቅ የሆኑት እናት «ጽዋ በሽንት ቤት በር አይገባም» ብለዋል የሚል ወሬ ደረሰኝ። የሌላው ሰው ቀልድ አልነካኝም ነበር። ይኼኛው ግን አመመኝ። እኔ እመቤቴን የምዳፈር ሴት አይደለሁም። ሦስት ቀን በጸሎቴ ላይ አሰብኩት። ሦስተኛው ቀን ላይ ልቤ ያው ነበር።

የነፍስ አባቴ መጡ። ባሌ እንደላካቸው ገባኝ፤ ሲገቡ ወደ እሱ አላዩም። ተቀመጡ፣ ጠላ ቀዳሁላቸው፣ ባረኩ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በሩ ምንም ኃጢአት የለበትም። ግን ሰው እንዳይሰናከል ለአንድ ቀን ዝቅ ብትዪስ? አሮጌውን ለጽዮን ዕለት ብቻ መልሳችሁ ብትሰቅሉት።»

«ያን ቀን ልጄ እንዴት ትወጣለች፣ አባቴ?»

«አንቺ ትከፍቺላታለሻ።»

«እኔ እንግዳ ላይ ነው የምውለው። እሷም በሰው ፊት ክፈቱልኝ ብላ አትጠራኝም።»

ጠላቸውን አንስተው ጎንጨት አሉ።

«ጾም ይዘዙኝ፣ እጾማለሁ። ስግደት ይዘዙኝ፣ እሰግዳለሁ። ይኼን ግን አይዘዙኝ። እምቢ ብልዎት ኃጢአት ይሆንብኛል፤ እሺ ብልዎትም ይሆንብኛል።»

ጠላቸውን ጨረሱ። ሲነሱ ልጄ ቀድማቸው በሩን በክርኗ ከፈተችላቸው። መስቀላቸውን አሳለሟት። «በርቺ» ብለው ወጡ። ለእሷ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ከማኅበሩ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ለዳቦው እህል አስፈጭቼ ከወፍጮ ተመለስኩ። አህያዋን እየነዳሁ ከታች ከመንገዱ ላይ ቀና ብዬ ቤቴን አየሁ። ነጩ የለም።

ስደርስ ባሌ ደጅ ቆሟል። አናጢው ፍላጭ ይጠርጋል። አሮጌውን የጥድ በር ታቹን ጠግነው፣ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርገው፣ ከነጩ ፊት ለፊት ሰቅለውታል። ነጩ ከውስጥ አለ። ከደጅ የሚታየው ጥዱ ነው።

«ለብርዱ ነው» አለ ባሌ። «ድርብ ሲሆን ይሞቃል።»

አናጢው ቀበል አደረገ። «አልነካንብሽም፣ ነጩም አለልሽ። ሁለት በር ያለው ሰው በዚህ አገር ማን አለ? ልትመሰግኚን ነው የሚገባሽ።»

«ክፈቱት» አልኩ።

አናጢው ጎተተው። ከበስተኋላው ነጩ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጄ በሁለቱ መሐል ባለችው ክፍተት፣ ክራንቿ ላይ ተደግፋ ቆማለች። ፊቷ ለጥዱ ሳንቃ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቆምሽው?»

«መዶሻው ካቆመ ጀምሮ።»

«ለምን አልተጣራሽም?»

«ነጩ ከመጣ ወዲህ መጣራት ትቻለሁ» አለችኝ።

ዱቄቱን ከአህያዋ አላወረድኩም። ወደ ሁለቱ ዞርኩ። ድምፄን ከፍ አላደረግሁም፤ ባሌ እንዲህ ስናገር ያውቀኛል።

«የሽንት ቤት በር እያላችሁ ስትስቁ ከረማችሁ። ልጄን ሽንት ቤት እንዳትደርስ ያደረጋት የትኛው በር ነው?»

አናጢው አልገባውም። ባሌ ግን ወደ እሷ አየ።

«ሐምሌ ላይ ነው፣ አባዬ» አለችው። «ለቅሶ የሄድክ ጊዜ።»

ከዚህ በላይ አልነገረችውም። ጣቶቿን አየ። ያኔ ተላልጠው ያያቸው ትዝ ብሎት ይሆናል፤ እኔ መርፌ ወጋት ብዬው ነበር።

የዶማውን እጀታ አንስቼ በጥዱ በር ሥር ሰደድኩና ወደ ላይ ፈነቀልኩ። ከበደኝ። ዳግመኛ ስፈነቅል ባሌ በወዲያኛው በኩል ትከሻውን አስገባበት። አናጢው «ኧረ ቆዩ! ጉጡን ትሰብሩታላችሁ!» እያለ መጥቶ የላዩን ያዘ። ሦስታችን አወረድነው። ባሌ አሮጌውን በር በጀርባው አዝሎ ወደ በጎቹ ጋጣ ወሰደው፤ ሲመሽ ሰቅሎት ተመለሰ። በጎቻችን ዛሬ አራት ጣት ውፍረት ያለው የጥድ በር አላቸው። የሚኮራበት ሰው ካለ እዚያ ሄዶ ይኩራበት።

የጽዮን ዕለት ማኅበርተኞቹ መጡ። ታላቂቱ እናት ከፊት ናቸው። በሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። እሳቸው ካልገቡ ማንም አይገባም፤ ሁሉም በነፋሱ ተሰልፎ ቆመ። እኔ ከውስጥ አየኋቸው። ልለምናቸው አልተነሳሁም። ልጄ ሄደች።

«ይግቡ እንጂ፣ እትዬ። ብርዱ ከእርስዎ ቀድሞ እየገባ ነው።»

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«በምንሽ?»

«በክርኔ።»

«እስቲ ዝጊው።»

«እናንተ ላይ?»

«ዝጊው አልኩሽ።»

ዘጋችባቸው። ከዚያ እጀታው ቀስ ብሎ ወረደ። ከፋቿ ልጄ አልነበረችም። እትዬ ክርናቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንዳለ እጀታው ላይ አድርገው ገብተዋል። እጃቸውን ቁርጥማት ካጠፈው ዓመታት አልፏል፤ ጣታቸው አይዘረጋም።

«የእኔን በር የምትከፍትልኝ ምራቴ ናት» አሉኝ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ጽዋው ገባ። ካህኑ ጸለዩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ተጫወትን። ሞቅ ሲላቸው እትዬ ጮክ ብለው «ሽንት ቤታችሁ ደግሞ ሲሞቅ!» አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባሌም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸው ከአሁን በኋላ ይፈቀድላቸዋል።

ወሬው ግን በአንድ ቀን አልቆመም። ዛሬም የሚስቅ አለ። ይሳቅ።

በዚያው ዓመት በልግ ጥሩ ጣለ። ዐቢይ ጾም ነበር። አባቷ እርሻ ላይ ነው፤ እኔ ቀየት ገበያ ሄጄ ከሰዓት በፊት ተመለስኩ። በሩ ተዘግቷል። ተጣራሁ። መልስ የለም። ገባሁ። ሹራቧ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ሽንት ቤት የለችም። ጋጣው ጋ የለችም።

ተመስገን አላልኩም። ማለት ሲገባኝ አላልኩም። ተቆጣሁ። ሳትነግረኝ! በዚህ ጭቃ! ያን ሁሉ ሰው እምቢ ብዬ ያስገባሁት በር ልጄን ይዞብኝ የሄደ መሰለኝ።

ደጅ ጭቃው ላይ ፈለጓን አገኘሁት። ወዲያና ወዲህ የክራንቹ ክብ ጉድጓድ፣ መሐሉ ላይ የእግሯ ጭረት። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሄዳል። ተከተልኩት። ቁልቁለቱ ላይ ፈለጉ ጠፋ፤ በእሱ ፋንታ ሰፊ የተንሸራተተ ነገር አየሁ፣ አጠገቡም የመዳፏ ማኅተም። ወድቃለች። ከዚያ ከመዳፉ ወዲያ፣ ሁለቱ ክብ ጉድጓዶች እንደገና ጀመሩ።

ቤተ ክርስቲያን ስደርስ ቅዳሴው አላለቀም። ከውጭው በር ሆኜ አየኋት። ከሴቶቹ ጋር ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ሰው እንዳዘነላት አይደለም የቆመችው፤ እንደ ሰው ነው የቆመችው። አላየችኝም። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ሊቆጣት የመጣው አፌ ነው። መልሼ ዘጋሁት። ተሳልሜ፣ እንዳታየኝ በላይኛው መንገድ ተመለስኩ። ሽቅብ ስወጣ ሁለት ጊዜ ቆሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ምስጋናው መጣ።

ቤት ገብቼ እግሬን ታጠብኩ። በሩን ዘጋሁት። ተቀመጥኩ። ብዙ ቆየች። በመጨረሻ ክራንቹ ድንጋዩ ላይ ሲመታ ሰማሁት። አንዴ ቆመ፤ ደከማት ይሆናል። ልነሳ ብዬ ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልተነሳሁም። ገባች።

«መቼ መጣሽ?» አለችኝ።

«አሁን።»

«አልፈለግሽኝም?»

«የት ብዬ ልፈልግሽ?»

ቀሚሷን አየሁት። ማየቴን አየች። ውሃ አቀረብኩላት፤ እግሯን ራሷ ታጠበች።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ፤ ልጄን ዋሽቻታለሁ፣ ያውም በጾም አልኳቸው። ምን ብለሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። አሥራ ሁለት ስግደት አዘዙኝ። አሥራ ሁለቱንም ሰገድኩ። ነገ ብትጠይቀኝ ግን መልሴ ያው ነው።